ዮሐንስ ቲነማን እና የሮሲተን የወፎች ፍልሰት ጥናት ጣቢያ

በባልቲክ ባሕርና በኩሮኒያን ላጉን መካከል 98 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም ጠባብ የአሸዋ ምድር ተዘርግቷል። በጸደይና በመጸው የሚፈልሱ ወፎች ሰፊውን ውኃ ከማቋረጥ ይልቅ ይህን ምድር ተከትለው በገፍ ያልፋሉ። በ1863 እ.ኤ.አ. በቱሪንጂያ የተወለዱት የሥነ መለኮት ተማሪና የቄስ ልጅ ዮሐንስ ቲነማን በ1896 ሮሲተን ወደተባለችው የዚህ ምድር መንደር መጡ። አባታቸውም ቄስ ከመሆናቸው ባሻገር ወፍ አጥኚ ነበሩ። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በጃንዋሪ 1 ቀን 1901፣ የጀርመን የወፍ አጥኚዎች ማኅበር ያቋቋመውን ጣቢያ መምራት ጀመሩ።

ቲነማን በ1903 ቁጥር የተቀረጸባቸውን የአሉሚኒየም ቀለበቶች በወፎች እግር ላይ ማሰር ሲጀምሩ ቀዳሚ ያደረጉት ቁራን ነበር። ምርጫው ከመንደሩ ኑሮ የመነጨ ነው፤ ነዋሪዎቹ በየመጸው ቁራዎችን በመረብ እየያዙ፣ የራስ ቅላቸውን በጥርሳቸው ነክሰው እየገደሉ፣ ሥጋውን ለክረምት በጨው ያቆዩ ነበር። ቲነማን ከአጥማጆቹ በሕይወት የተረከቧቸውን ቁራዎች ቀለበት አስረው ይለቋቸው ጀመር።

ተቃውሞው ግን ወዲያው ተነሣ። ሰዎች ቀለበት ፍለጋ ወፎችን በጥይት ይፈጃሉ የሚል ክስ በጋዜጦች ተሰራጨ። ክሱ መሠረተ ቢስ ነበር ለማለት አያስደፍርም፤ የዘዴው ውጤት ቀለበት ያሠረው ወፍ በአንድ ሰው እጅ በመውደቁ ላይ የተመሠረተ ነበርና፣ አብዛኛውን ጊዜም ወፉ የሚገኘው ሞቶ ነበር።

ክርክሩን ያቀዘቀዘው ከክርክር ይልቅ ሽመላ ነው። ሽመላ አፍሪካ ደርሶ እንደሚመለስ በ1822 በሰሜን ጀርመን አንገቱ ላይ የአፍሪካ ጦር እንደተሰካበት የተገኘ አንድ ወፍ አስቀድሞ መስክሮ ነበር፤ በየት በኩል እንደሚጓዝ ግን ያ ጦር ሊናገር አይችልም። ከሮሲተን ቀለበት ከታሠረላቸው ሽመላዎች የተመለሱት ቀለበቶች በካርታ ላይ ሲሰፍሩ መንገዱ ታየ፦ ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ በቦስፎረስ፣ በሶርያና በፍልስጥኤም፣ ከዚያም በዓባይ ሸለቆ አድርጎ እስከ ደቡባዊ አፍሪካ። ሽመላ የሚንሳፈፈው ከጋለ ምድር በሚነሣ አየር ስለሆነ ሜዲትራኒያንን በቀጥታ አያቋርጥም።

ቲነማን በኤፕሪል 1938 ዐርፈው በዚያው መንደር ተቀበሩ። ጣቢያቸው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ተዘጋ። በ1956 የሶቪየት ሳይንቲስቶች፣ ሪባቺ ተብላ በተሰየመችው በዚያችው መንደር፣ ቀለበት የማሠሩን ሥራ እንደገና ጀመሩት።