ፍሌሚንግ እና አከርካሪ ውስጥ መድረስ ያቃተው ፔኒሲሊን

አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ሲባል ሁላችንም ትዝ የሚለን ያ ሻጋታ ነው። ብዙም የማይወራለት ሌላ ሥራ ግን አለው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1881 ስኮትላንድ ውስጥ ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። ሕክምና የተማረው ለንደን፣ ሴንት ሜሪ ሆስፒታል ነው፤ የሥራ ዘመኑንም አብዛኛውን ያሳለፈው እዚያው ነው።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፈረንሳይ ዘምቶ ቁስለኞችን ሲያክም አንድ ነገር ታዘበ። ቁስል ላይ የሚፈሰው ጀርም ገዳይ ኬሚካል ላይ ላዩን ይሠራል እንጂ ጥልቅ ቁስል ውስጥ የተደበቀው ጀርም ጋ አይደርስም። እንደውም ሰውነትን የሚከላከሉትን ነጭ የደም ሴሎች ይጎዳል። መድኃኒት ጀርም መግደሉ ብቻውን አይበቃም ማለት ነው፤ ጀርሙ ያለበት ቦታ መድረስ አለበት።

በ1928 ከእረፍት ሲመለስ፣ ባክቴሪያ ያራባበት ሳህን ላይ ሻጋታ በቅሎ ዙሪያውን አጽድቶት አገኘ። የሻጋታውን ንጥረ ነገር ፔኒሲሊን አለው። ግን አጣርቶ ለሕክምና ማብቃት አልሆነለትም፤ ያንን ከ10 ዓመት በኋላ የሠሩት ኦክስፎርድ የነበሩት ፍሎሪ፣ ቼይንና ባልደረቦቻቸው ናቸው።

በ1942 ፍሌሚንግ የሚያውቀው አንድ ሰው በማጅራት ገትር ታሞ ሊሞት ደረሰ። የሰልፋ መድኃኒት ተሞክሮ አላዳነውም። ፍሌሚንግ ፍሎሪን ለምኖ ፔኒሲሊን አገኘ፤ ሰውየውን ጡንቻው ላይ ወጉት፤ ትንሽ ተሻለው። ከአከርካሪው ፈሳሽ ተቀድቶ ሲመረመር ግን መድኃኒቱ የለም!

ነገሩ እንዲህ ነው፦ በደም እና በአንጎል፣ በሕብለ ሰረሰርም መካከል ጥብቅ አጥር አለ። ፔኒሲሊን ይህን አጥር የሚያልፈው በጣም በትንሹ ነው። ስለዚህ ፍሌሚንግ አደገኛውን ውሳኔ ወሰነ፤ መድኃኒቱን በቀጥታ አከርካሪው ውስጥ ወጋው። ሰውየው በሳምንታት ውስጥ ድኖ ቤቱ ገባ። ፍሌሚንግም ፔኒሲሊን በብዛት እንዲመረት ባለሥልጣናትን መወትወት ጀመረ።

ዛሬ ማጅራት ገትር በአብዛኛው የሚታከመው በደም ሥር በሚሰጥ ከፍተኛ መጠን ነው፤ በሽታው ራሱ አጥሩን ስለሚያላላው መድኃኒቱ በተሻለ ያልፋል። የ"መድረስ" ጣጣ ግን አላበቃም። በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ዲስክ የራሱ ደም ሥር የለውም ማለት ይቻላል፤ መድኃኒቱ ቀስ እያለ ነው የሚሰርገው። የአከርካሪ ኢንፌክሽን ብዙ ጊዜ 6 ሳምንትና ከዚያ በላይ፣ የአከርካሪ ቲቢ ደግሞ ብዙ ወራት የሚታከመው አንድም ለዚህ ነው።

ፍሌሚንግ በ1945 ከፍሎሪና ከቼይን ጋር ኖቤል ተሸለመ። እዚያም መድረክ ላይ መድኃኒትን አሳንሶ መውሰድ ጀርሙን እንደሚያላምደው አስጠነቀቀ። በ1955 ለንደን ውስጥ አርፎ ሴንት ፖል ካቴድራል ተቀበረ።

ሕመሙ ቀለል ሲል ኪኒኑን እርግፍ አድርጎ የሚተው ወዳጅ አላችሁ? ሕመሙ ቀለለ ማለት ጀርሙ አለቀ ማለት አይደለም በሉት። ሐኪሙ ያዘዘውን ይጨርስ። ሼር አድርጉለት።