ጆሴፍ ፓክስተንና የመጋጠሚያው ጥበብ

አንድ ሕንፃ ጊዜንና ገንዘብን አብዝቶ የሚበላው ክፍሎቹ እርስ በርስ በሚገናኙበት ቦታ ነው። ዝናብ የሚያስገባውም፣ ነፋስ የሚፈትነውም፣ የሠራተኛውን እጅ የሚያስረውም ይኸው መጋጠሚያ ነው። ይህን እውነት በመስታወት ሕንፃ ላይ ከሁሉ ቀድመው ከተረዱት ሰዎች አንዱ የምህንድስና ትምህርት ያልተማረ የአትክልት ሠራተኛ ነበር።

ጆሴፍ ፓክስተን እ.ኤ.አ. በ1803 በእንግሊዝ አገር፣ በቤድፎርድሺር ግዛት ከአንድ ገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። በወጣትነቱ ለንደን አጠገብ በቺዝዊክ በሚገኘው የአትክልት ማኅበር ቦታ ተቀጥሮ ሲሠራ፣ ጎረቤት የነበሩት የዴቮንሺር መስፍን ትጋቱን ተመለከቱ። በ1826 ገና ወጣት ሳለ በቻትስዎርዝ ርስታቸው የአትክልት ኃላፊ አድርገው ሾሙት። የሞቃት አገር ዕፅዋትን በቀዝቃዛ ምድር ማሳደግ ብርሃን የሚያስገባና ሙቀት የሚይዝ ቤት ስለሚጠይቅ፣ አትክልተኛው ሳያስበው ሕንፃ ሠሪ ሆነ።

በዚያ ዘመን የመስታወት ቤት የሚሠራው በአናጢ እጅ ነበር። መስታወቱን የሚይዘው እያንዳንዱ ቀጭን ዘንግ በእጅ ይላጋል፣ በእጅ ይቦረቦራል፤ መስታወቱም ተደግፎ ዙሪያውን በስቱኮ ይመረጋል። ፓክስተን በዚህ አሠራር ላይ ሁለት ለውጥ አደረገ። አንደኛው፣ ዘንጉን በእንፋሎት ኃይል የሚሠራ መኪና እንዲቀርጸው ማድረጉ ነው፤ በዚህም ሁሉም ዘንግ አንድ ዓይነት ቅርጽና ልክ አገኘ። ሁለተኛው፣ በዘንጉ ጎንና ጎን መስታወቱ ገብቶ የሚቀመጥበት ጎድጓዳ መስመር ማውጣቱ ነው። ከ1836 እስከ 1840 በቻትስዎርዝ ያሠራው ታላቁ የዕፅዋት ቤት፣ 84 ሜትር ያህል ርዝመትና 37 ሜትር ያህል ስፋት የነበረው፣ የዚህ መኪና የመጀመሪያ ትልቅ ፈተና ሆነ።

ጣራውንም እንደታረሰ ማሳ ትልም በትልም አደረገው። ውኃው በአጭር መንገድ ወደ ትልሙ ይወርዳል፤ የጠዋትና የማታ ፀሐይም ዘንበል ያለውን መስታወት ፊት ለፊት ያገኘዋል። በትልሙ ሥር የሚጋደመው እንጨት ደግሞ ሦስት ሥራ ተሰጠው። ጣራውን ይሸከማል፤ ከላይ በተቦረቦረው መስመሩ የዝናቡ አሸንዳ ይሆናል፤ በሁለት ጎኑ ባሉት ትንንሽ መስመሮች በመስታወቱ ውስጠኛ ገጽ ላይ የሚጠራቀመውን የላብ ውኃ ይቀበላል። ሦስት የተለያዩ ዕቃዎች ቢሆኑ ኖሮ በመካከላቸው ሦስት ዓይነት መጋጠሚያ ያስፈልግ ነበር። አንድ በመሆናቸው መጋጠሚያው ከነጭራሹ ቀረ።

ታላቁ ዕድል በ1850 መጣ። በለንደን ሃይድ ፓርክ ለሚከፈተው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን የቀረቡት ከ200 በላይ ንድፎች ሁሉ ተቀባይነት አጡ፤ ኮሚቴው ራሱ ያዘጋጀው የጡብ ሕንፃም በጊዜው እንደማይደርስ ብዙዎች ፈሩ። ፓክስተን በሰኔ ወር በአንድ የባቡር ኩባንያ ስብሰባ ላይ ተቀምጦ በቀለም መምጠጫ ወረቀት ላይ የመጀመሪያውን ሐሳብ ጫረ። ያች ወረቀት ዛሬ በለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ትገኛለች።

ሕንፃው 563 ሜትር ርዝመትና 124 ሜትር ስፋት ነበረው። ይህ ሁሉ የተመሠረተው 24 ጫማ፣ ማለትም 7.3 ሜትር ያህል በሆነ አንድ መለኪያ ነው። ከ3000 በላይ የነበሩት የብረት ዓምዶች የውጭ ውፍረታቸው አንድ ነበር፤ ሸክም ሲበዛ የሚጨምረው የብረቱ ውፍረት ወደ ውስጥ ብቻ ነው። ስለዚህ ማናቸውም አግዳሚ ከማናቸውም ዓምድ ጋር ይገጥም ነበር። የአግዳሚው ጫፍ በዓምዶቹ ማያያዣ ላይ በወጡት ጥርሶች መካከል ይገባና በሽብልቅ ይጠብቃል። ዓምዱም ባዶ ቱቦ በመሆኑ የጣራውን ውኃ ወደ መሬት ያወርዳል። ግድግዳው እያንዳንዱ 24 ጫማ ለሦስት ተከፍሎ፣ እኩል ልክ ባላቸው የእንጨትና የመስታወት ክፍሎች ተሸፈነ። መስታወት ገጣሚዎች በአሸንዳዎቹ ላይ በሚንከባለሉ ጋሪዎች ተቀምጠው ይሠሩ ስለነበር፣ 80 ሰዎች በአንድ ሳምንት ከ18 ሺህ በላይ መስታወት ገጠሙ። የመጀመሪያው ዓምድ በመስከረም 1850 ቆመ፤ ኤግዚቢሽኑ በግንቦት 1 ቀን 1851 ተከፈተ።

ይሁን እንጂ ምስጋናውን ሁሉ ለአንድ ሰው መስጠት እውነትን ያጎድላል። የዓምዱንና የአግዳሚውን መጋጠሚያ በዝርዝር ነድፎ ለሥራ ያበቃው የተቋራጩ ድርጅት መሐንዲስ ቻርልስ ፎክስ ነው። እንደ ጆርጅ ኤሪ ያሉ ሊቃውንት ሕንፃው ነፋስ አይችልም ብለው ሲጠራጠሩም፣ በተመረጡ ቦታዎች በሰያፍ የተወጠሩ የብረት ዘንጎች አጠንክረውት ነበር፤ ፎቁም ወታደሮች እየረገጡት ተፈትኖ ሸክሙን ቻለ። ጣራው ግን ማፍሰሱ አልቀረም። በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ መስታወቶች ያሉት ጣራ በእንጨትና በስቱኮ ብቻ ውኃ እንዳያስገባ ማድረግ የዘመኑ ዕውቀት የሚችለው አልነበረም። ሙቀትና ቅዝቃዜ ዕቃውን ሲያስረዝሙና ሲያሳጥሩ ክፍተቱን የሚከተል የላስቲክ ማሸጊያ የመጣው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው።

ፓክስተን በ1851 የሰርነት ማዕረግ አገኘ፤ ከ1854 ጀምሮ የኮቨንትሪ ከተማ የፓርላማ ተወካይ ሆኖ ሲያገለግል ቆይቶ በ1865 ዐረፈ። ሕንፃው ራሱ ተፈትቶ በሲደንሃም እንደገና ተስፋፍቶ ተተከለ፤ በ1854 ተከፍቶም በ1936 በእሳት እስኪወድም ድረስ ቆሟል። ተፈትቶ ሌላ ቦታ መቆም መቻሉ የመጋጠሚያው ቀላልነት ትልቁ ምስክር ነው።

ዛሬ በአሉሚኒየም የሚሠራው መስኮትና የሕንፃ ፊት የፓክስተንን መንገድ ይከተላል። የፕሮፋይሉ ቅርጽ መስታወቱን ይይዛል፣ ላስቲኩን ያስቀምጣል፣ የገባውን ውኃ መልሶ ያወጣል። ነገር ግን በግንባታው ቦታ ቀላል የሆነ መጋጠሚያ በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ቀላል አይደለም። ሠራተኛው ከመሰላል ላይ ሆኖ በሽብልቅና በመዶሻ የሚጨርሰው ሥራ፣ አስቀድሞ በንድፍ ጠረጴዛና በመኪናው ዘንድ በትክክል ካልተለካ አይገጥምም። ፓክስተን ድካሙን አላጠፋውም፤ ስሕተት በቀላሉ ወደሚታረምበት ቦታ አዛወረው እንጂ። አንድን መጋጠሚያ ቀላል ለማድረግ የሚነሣ መሐንዲስ፣ ያነሣው ሸክም ከየትኛው ትከሻ ወደየትኛው እንደተዛወረ ማወቅ ግዴታው ነው።