ካፒቴን ኩስቶና ካሊፕሶ መርከብ

በቀይ ባሕር ዳርቻዎች የባሕሩን ወለል ለማየት የሚመጡ ጎብኚዎችን ለሳምንት ያህል ይዘው የሚጓዙ መርከቦች አሉ። እንግዳው የሚተኛውም የሚመገበውም በዚያው ነው፤ ማለዳ ተነሥቶ የአየር ጠርሙሱን አዝሎ ከመርከቡ የኋላ መድረክ ወደ ውሃው ይገባል፤ ሲመለስም የአየር መጭመቂያው ሞተር ጠርሙሱን መልሶ ይሞላለታል። አንዳንዶቹ መርከቦች በምቾታቸው ከታላላቅ ሆቴሎች አይተናነሱም። ይሁን እንጂ ለዚህ ዓይነቱ ኑሮ መንገድ ከጠረጉት መርከቦች መካከል በስም የገነነችው ካሊፕሶ የቅንጦት ዕቃ አልነበረችም፤ ከጦርነት የተረፈች የእንጨት ፈንጂ ጠራጊ ነበረች።

ጌታዋ ዣክ ኢቭ ኩስቶ እ.ኤ.አ. በ1910 በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ በሳን አንድሬ ደ ኩብዛክ ተወለደ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። የባሕር ኃይል መኮንን ሆኖ አውሮፕላን አብራሪ ለመሆን ሲዘጋጅ በ1936 በደረሰበት የመኪና አደጋ ክንዶቹ ክፉኛ ተሰበሩ፤ የአብራሪነቱም ተስፋ በዚሁ ተቋረጠ። ክንዶቹን ለማጠንከር በቱሎን አጠገብ ሲዋኝ ሳለ ባልደረባው ፊሊፕ ታዬ የዋና መነጽር አዋሰው። ከዚያ ወዲህ ሐሳቡ ሁሉ ከውሃው በታች ሆነ።

ከእርሱ በፊት ለጠላቂ የሚሆን የአየር ጠርሙስ አልነበረም ማለት አይደለም። ሌላው የፈረንሳይ መኮንን ለ ፕሪየር የሠራው መሣሪያ ነበር፤ ነገር ግን አየሩ ያለማቋረጥ ስለሚፈስ ብዙው በከንቱ ይባክን ነበር። የሚፈለገው ጠላቂው ሲተነፍስ ብቻ የሚከፈትና የአየሩን ግፊት በዙሪያው ካለው የውሃ ግፊት ጋር የሚያስተካክል መቆጣጠሪያ ነበር። በጦርነቱ ጊዜ ቤንዚን ጠፍቶ መኪናዎች በጋዝ ይነዱ ስለ ነበር፣ የኤር ሊኪድ ኩባንያ መሐንዲስ ኤሚል ጋኛን ለሞተር የሚያገለግል የጋዝ መቆጣጠሪያ ሠርቶ ነበር። የኩስቶ አማት በኩባንያው ከፍተኛ ሥልጣን ስለ ነበራቸው ሁለቱ ሰዎች ተገናኙ።

በ1943 መጀመሪያ በማርን ወንዝ በተደረገው ሙከራ መሣሪያው በአግድም ሲዋኙበት በደንብ ሠራ። ጠላቂው ቀጥ ሲል ግን አየሩ ያለ ልክ ይፈስ ጀመር፤ ወደ ታች ሲዘቀዘቅ ደግሞ መተንፈስ አስቸገረ። ምክንያቱ የትንፋሹ መውጫና የመቆጣጠሪያው ስስ ሽፋን በተለያየ ጥልቀት ሲሆኑ የሚያርፍባቸው የውሃ ግፊት መለያየቱ ነበር። መውጫው ከሽፋኑ አጠገብ በአንድ ደረጃ ሲደረግ ነገሩ ተቃና። የጥቂት ሴንቲ ሜትር ውሃ ልዩነት አንድን የፈጠራ ሥራ ከንቱ ሊያደርግ እንደሚችል የሙያ ባልደረቦቼ አይጠፋቸውም። ዓለም የኩስቶን ስም ሲያነሣ የጋኛን ግን ከባለሙያ አፍ በቀር እምብዛም የማይሰማ መሆኑ ያሳዝነኛል። መሣሪያው ከአደጋ የጸዳም አልነበረም፤ በ1947 ከቡድኑ ጠላቂዎች አንዱ የሆነው ሞሪስ ፋርግ ከ100 ሜትር በታች ለመውረድ ሲሞክር ሕይወቱ አለፈች።

ጠላቂው ነጻ ቢወጣም ጠርሙሱ የሚበቃው ለአጭር ጊዜ ነው፤ ከወደብ ርቆ ለሳምንታት ለመሥራት የሚሞላበት፣ የሚታደርበት፣ የሚጠገንበት ቤት ያስፈልጋል። ካሊፕሶ በ1942 በአሜሪካ ሲያትል ተሠርታ ለእንግሊዝ ባሕር ኃይል የተሰጠች ስትሆን፣ ከጦርነቱ በኋላ በማልታና በጎዞ ደሴቶች መካከል ሰውና መኪና ታመላልስ ነበር። በ1950 ባለጸጋው ሎኤል ጊነስ ገዝቶ በዓመት በአንድ ፍራንክ ኪራይ ለኩስቶ ሰጠው። ርዝመቷ 42 ሜትር ያህል ሲሆን፣ በእንጨት የተሠራችው በማግኔት የሚነቃው ፈንጂ እንዳይነሣባት ነው። በአንቲብ ስትለወጥ በአፍንጫዋ ላይ ከውሃው መስመር በታች የሚወርድ፣ ተኝቶ የሚታይበት ባለ መስኮት የብረት ክፍል ተጨመረላት፤ ወለሏም ተሸንቁሮ ጠላቂው ማዕበሉን ሳይጋፈጥ በቀጥታ ወደ ባሕሩ የሚወርድበት ጉድጓድ ወጣለት። ሚስቱ ሲሞን ለጉዞው ወጪ ጌጦቿን እንደ ሸጠች ይነገራል፤ በመርከቢቱም ላይ ከእርሱ ይልቅ ረጅም ጊዜ የኖረችው እርሷ ናት።

የመጀመሪያው ትልቅ ጉዞ በ1951 መጨረሻ ወደ ቀይ ባሕር ተደረገ። ከሳይንቲስቶቹ አንዱ፣ ኋላ በአፋር የኤርታሌን እሳተ ገሞራ ያጠናው ሃሩን ታዚየፍ ነበር። በ1955 ደግሞ ካሊፕሶ በ1941 በጀርመን አውሮፕላኖች የሰጠመችውን የእንግሊዝ ጭነት መርከብ ሲስልጎርምን አገኘች። በዚያው ጉዞ የተቀረጸው የዝምታው ዓለም የተሰኘው ፊልም በ1956 በካን ታላቁን ሽልማት አገኘ። ፊልሙን ዛሬ የሚያይ ሰው ግን ይደነግጣል። ዓሦችን ለመቁጠር የኮራሉን ቋጥኝ በድማሚት አፈረሱት፤ በመርከቢቱ የተመታ አንድ የዓሣ ነባሪ ግልገል ሲሞት ሊበሉት የመጡትን ሻርኮች መርከበኞቹ በንዴት ጨፈጨፏቸው። ገንዘቡም ቢሆን ንጹሕ ሁሉ አልነበረም፤ በ1954 ካሊፕሶ በፋርስ ባሕረ ሰላጤ ለነዳጅ ፈላጊዎች ሠርታለች። ዘመኑ እንዲህ ነበር ብለው የሚያልፉት አሉ፤ እኔ ግን ድማሚቱን ያጠመደው ሰው የኮራሉን ውበት ከማንም በላይ ያውቅ እንደ ነበር ልዘነጋ አልችልም። ያው ሰው በ1960 የአቶም ዝቃጭ በሜዲትራኒያን ባሕር እንዳይጣል በአደባባይ ተሟግቷል።

በ1963 በሱዳን ዳርቻ በሻዓብ ሩሚ፣ 10 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ በተተከለ ቤት አምስት ሰዎች አንድ ወር ኖሩ። በ1979 ልጁ ፊሊፕ ሊዝበን ላይ በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። በጥር 1996 ካሊፕሶ በሲንጋፖር ወደብ በጭነት ጀልባ ተመትታ ሰጠመች፤ ብትወጣም ዳግመኛ ለሥራ አልበቃችም። ኩስቶም በሰኔ 1997 ፓሪስ ላይ አረፈ።

በሻዓብ ሩሚ ትንሿ ጠላቂ መርከብ ትቆምበት የነበረው የብረት መጠለያ ዛሬም ኮራል በቅሎበት ቆሟል። ሲስልጎርምም ቦታዋ ለብዙ ዓመታት ተረስቶ ከቆየ በኋላ በ1990ዎቹ መጀመሪያ እንደገና ስትገኝ የጎብኚ መርከቦች ይመላለሱባት ጀመር። ገመዳቸውን በአካሏ ላይ ያስሩ ነበር፤ ማዕበል በተነሣ ቁጥርም ገመዱ የዛገውን ብረት ይገነጥለው ነበር።