ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ በመጠሪያዎቻቸው

በቀድሞው የመኳንንት ሥርዓት አንድ ሹም ከፍ ባለ ቁጥር መጠሪያው ይለወጥ ነበር። ትናንት በጅሮንድ የተባለው ዛሬ ደጃዝማች፣ ነገ ደግሞ ራስ ይባላል፤ የሹመቱን ዜና ያልሰማ ሰውም በቀድሞው ማዕረግ ሲጠራው ሳያውቅ ያዋርደዋል። በዚህ ደንብ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ያህል በአንድ ማዕረግ ብቻ እየተጠሩ፣ በሥልጣን ግን ከብዙ ራሶች በልጠው የኖሩ ሰው ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ናቸው።

ትውልዱ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምዕራብ ከሚገኘው ከጨቦ ነው። ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ጦራቸው ወደዚያ አገር በዘመተ ጊዜ ልጁ ተማረከ፤ በቤተ መንግሥት አካባቢ አደገ፤ ሀብተ ጊዮርጊስም ተባለ። ይሁን እንጂ የአባቱ ስም አልተፋቀም። ምርኮኛ ሆኖ ያደገ ልጅ የትውልዱ ምልክት ጨርሶ ሊጠፋ ይችል በነበረበት ዘመን፣ የእርሱ ስም ግማሹ የቤተ ክርስቲያን፣ ግማሹ የጨቦ ሆኖ ዘለቀ። ስለ ልጅነቱ የሚጽፍ ሁሉ ተማረከ፣ አደገ ይላል፤ ከጥቂት መስመር በኋላ ግን ያው ሰው ዘመቱ፣ ፈረዱ ይባልላቸዋል። ግሡ የሚለወጥበት ስፍራ ሹመቱ የመጣበት ስፍራ ነው።

ሹመቱን ያመጣው ዓድዋ ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በተደረገው ጦርነት የንጉሠ ነገሥቱ ፊታውራሪ የነበሩት ገበየሁ፣ በፈረስ ስማቸው አባ ጎራ፣ ወደቁ፤ ቦታቸውም ለሀብተ ጊዮርጊስ ተሰጠ። ፊታውራሪ ማለት ከዋናው ጦር ፊት ቀድሞ የሚሄደውን ኃይል የሚመራ ማለት ነው። በማዕረግ መሰላል ከቀኛዝማች በላይ፣ ከደጃዝማችና ከራስ በታች ይቆማል። ማንኛውም ራስ ለራሱ ጦር ፊታውራሪ ይሾም ስለ ነበር በአገሩ ፊታውራሪ የሚባል ሰው ብዙ ነው። የንጉሠ ነገሥቱ ፊታውራሪ መሆን ግን ሌላ ነገር ነው። የቃሉ ክብደት የሚታወቀው ከፊቱ ወይም ከኋላው በሚቀጠለው ሳይሆን ማን እንደ ሾመው በማወቅ ነበር።

እንደ ዘመኑ ተዋጊዎች ሁሉ የፈረስ ስምም ነበራቸው፤ አባ መቻል። ይህ ልማድ ከኦሮሞ ፈረሰኞች ባህል የመጣ ሲሆን አባ የሚለው ቃል ባለቤትነትን ያመለክታል፤ ከመነኮሳት መጠሪያ ጋር ሊምታታ አይገባም። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ አሉላ አባ ነጋ ተብለዋል። ጌታን በተጸውዖ ስሙ ብቻ መጥራት ድፍረት ነው፤ በፈረስ ስሙ መጥራት ግን ውዳሴ ነው። በማዕረግ የሚጠራ ሰው ይርቃል፤ በፈረስ ስም የሚጠራ ሰው ይቀርባል፤ ክብሩ ግን አይቀነስም።

ከዓድዋ በኋላ ጦራቸው እስከ ቦረና ዘለቀ። ይህ ዘመቻ በአዲስ አበባ አገር ማቅናት ተባለ፤ መሬቱ የተወሰደበት ሕዝብ ግን በዚያ ቃል የሚጠራበት ምክንያት የለውም። በ1900 ዓ.ም. ምኒልክ ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የጦር ሚኒስትርነቱ ለእርሳቸው ሆነ። አዲሱ ቃል አሮጌውን አልተካም፤ ሚኒስትሩ ፊታውራሪ እንደ ተባሉ ቀሩ። እቴጌ ጣይቱ በ1902 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲገለሉ፣ ልጅ ኢያሱም በመስከረም 1909 ዓ.ም. ሲሻሩ የእርሳቸው ፈቃድ ወሳኝ ነበር። በ1910 ዓ.ም. የመሐል ሰፋሪው ጦር አድሞ ሚኒስትሮቹን ሲያስሽር ከቦታቸው ያልተነቀሉት እርሳቸው ናቸው። ከንግሥት ዘውዲቱና ከአልጋ ወራሹ ከራስ ተፈሪ ጋር ሦስተኛው የሥልጣን ምሰሶ፣ ለውጥን በጥርጣሬ ለሚያዩትም ወገኖች መከታ ሆኑ። አንዳንድ ጽሑፎች የኢትዮጵያ የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር ይሏቸዋል።

ሕዝቡ ግን ለሥልጣናቸው የራሱን ስም አወጣ፤ አባ መላ አላቸው። ስሙ በፈረስ ስም አምሳል ቢቀረጽም የፈረስ ስም አይደለም፤ መላ ዐዋቂነታቸውን የሚመሰክር ቅጽል ነው። ከዳኝነታቸው የሚተረከው ብዙ ነው። አንድ ሰው ከዛፍ ላይ ወድቆ ከሥር የነበረውን ገደለ፤ የሟች ወገን ደም በደም ካልተመለሰ ብሎ ካሣውን እንቢ አለ። ዳኛው በነገሩ ተስማምተው፣ ገዳዩ ከዛፉ ሥር እንዲቀመጥና ከሟች ወገን አንዱ ዛፉ ላይ ወጥቶ እንዲወድቅበት ፈረዱ ይባላል። ከሳሾቹም ካሣውን ተቀበሉ። ተመሳሳይ ፍርድ በሌሎች አገሮች ስለሌሎች ዳኞችም ይተረካልና ሁሉም የእርሳቸው ነው ማለት ያስቸግራል። ሆኖም ባለቤቱ የጠፋ ብልህ ፍርድ ሁሉ ወደ እርሳቸው መሰብሰቡ ራሱ ምስክርነት ነው። ፊታውራሪነትን ንጉሥ ይሰጣል፤ አባ መላነትን ግን ማንም ንጉሥ ሊሰጥ ወይም ሊሽር አይችልም ነበር።

ታኅሣሥ 3 ቀን 1919 ዓ.ም. ዐረፉ። ጦራቸው ወደ አልጋ ወራሹ እጅ ገባ። ሚኒስቴሩን የያዙት ሙሉጌታ ይገዙ በ1900 ዓ.ም. በጅሮንድ፣ ቀጥሎም ደጃዝማች፣ በኋላም ራስ የተባሉ፣ መሰላሉን እንደ ወጉ የወጡ ሰው ናቸው። ፊታውራሪ የሚለውም ቃል ወደ ቀድሞ እርከኑ ተመለሰ።

በአዲስ አበባ ስማቸውን የያዘ ድልድይ አለ። የራስ መኮንን ድልድይ ከነማዕረጉ ሲጠራ፣ የእርሳቸውን አላፊ አግዳሚው ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ብሎ ብቻ ይጠራዋል።