አተር ቈጣሪው መነኵሴ

በዚህ ገጽ የምተርከው የግሬጎር ሜንዴልን ሕይወት ነው። ሜንዴል እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1822 ዓ.ም. በኦስትሪያ ግዛት፣ ዛሬ ቼክ በምትባለው አገር፣ ከገበሬ ቤተ ሰብ ተወለደ። የልደት ስሙ ዮሐን ነበር፤ ግሬጎር የተባለው በ1843 በብርኖ ከተማ ወደ ቅዱስ ቶማስ ገዳም ከገባ በኋላ ነው። ወደ ገዳም ያስገባው አንዱ ምክንያት ለትምህርት የሚሆን ገንዘብ ማጣቱ ነበር። በ1850 ለመምህርነት ተፈትኖ ወደቀ፤ በ1856 ሞክሮም አልተሳካለትም። ፈተና የምንፈራ ተማሪዎች ይህን ልብ እንበል! በመካከሉ ግን ገዳሙ ወደ ቪየና ዩኒቨርሲቲ ልኮት ፊዚክስና ሂሳብ ተምሮ ነበር። ለኋላ ሥራው ከሁሉ ይልቅ የጠቀመው ይህ ሂሳብ ይመስለኛል።

ከ1856 እስከ 1863 በገዳሙ አትክልት ቦታ አተር እየዘራ ያዳቅል ነበር። ድቡልቡሉን ከተጨማደደው ቢያዳቅል የመጀመሪያው ትውልድ ሁሉ ድቡልቡል ሆነ፤ በሁለተኛው ግን የተጨማደደው ተመልሶ መጣ። እርሱም ታግሦ ቈጠረ፤ 5,474 ድቡልቡል፣ 1,850 የተጨማደደ፣ ሦስት ለአንድ ያህል ሆነ።

ነገሩ ሁለት ሳንቲም እንደ መወርወር ነው። አባትም እናትም ካላቸው ሁለት ሁለት ዘር አንዳንዱን ብቻ በዕድል ለልጅ ያወርሳሉ። ሁለቱም ሳንቲሞች ጎፈር የሚሆኑት በአማካይ ከአራት አንድ ጊዜ ነው፤ አተሩም የሚጨማደደው ከሁለቱም ወገን የመጨማደድን ዘር ሲወርስ ብቻ ነው።

ሥራውን በ1865 በብርኖ ሊቃውንት ፊት አነበበ፤ በ1866 ታተመ። ልብ ያለው ግን ጥቂት ነበር። በ1868 አበምኔት ሆነና አስተዳደር ጊዜውን ወሰደበት፤ በ1884 ዐረፈ። ዓለም ያወቀው በ1900 ነው።

በ1936 ደግሞ የስታቲስቲክስ ሊቁ ሮናልድ ፊሸር የሜንዴልን ቍጥሮች መርምሮ፣ ዕድል ከሚፈቅደው በላይ ለሚጠበቀው የቀረቡ መሆናቸውን አመለከተ፤ ምናልባት አንድ ረዳት አስተካክሏቸው ይሆናል ብሎም ጠረጠረ። ሊቃውንት በዚህ ነገር ብዙ ዘመን ተከራክረዋል።

እኔ ይህን ሳነብ አፈርሁ። ባለፈው ዓመት ከወንበር ጓደኛዬ ጋር ሁለት ሳንቲም 40 ጊዜ እንድንወረውር ታዘን፣ ሁለት ጎፈር 14 ጊዜ ቢመጣብን የተሳሳትን መስሎን 10 ብለን ጻፍን፤ ሙሉ ማርክም አገኘን። ለካስ በ40 ውርወራ እንዲህ ያለው መዛነፍ የሚያስደንቅ አይደለም። ስለዚህ ሜንዴልን ለመውቀስ ድፍረቱ የለኝም። በክረምቱ ግን እቤቴ ተቀምጬ 400 ጊዜ ወረወርሁ፤ 107 መጣ። በደብተሬም 107 ብዬ ጻፍሁ።