የጋዝ ኩባንያው ጸሐፊ አንድሬ አንቷን

የአውሮፓን የቴአትር ሥራ ያደሰው አንድሬ አንቷን እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1858 ዓመተ ምሕረት በፈረንሳይ አገር በሊሞዥ ከተማ ተወለደ። ወላጆቹ ድኆች ስለ ነበሩ ትምህርቱን ገና በልጅነቱ ትቶ ለዕለት እንጀራው ሥራ ገባ። ልቡ ግን ከቴአትር አልራቀም፤ በፓሪስ በታላቁ የመንግሥት ቴአትር ቤት ቃል ከማይናገሩት አጃቢዎች ጋር እየቆመ ስመ ጥሩዎቹ ተጫዋቾች የሚሠሩትን ይመለከት ነበር። ወደ ቴአትር ትምህርት ቤት ለመግባት ቢሞክርም አልተቀበሉትም። የውትድርና ግዴታውን ፈጽሞ ሲመለስ በፓሪስ የጋዝ ኩባንያ በጸሐፊነት ተቀጠረ።

በዚያ ዘመን የፓሪስ ቴአትር ቤቶች ገንዘብ ያስገባል ብለው ከሚተማመኑበት ከተለመደው ጨዋታ በቀር የአዲስ ደራሲ ሥራ ለመቀበል ይፈሩ ነበር። መንግሥትም ለሕዝብ የሚታየውን ጨዋታ ሁሉ አስቀድሞ ያስመረምር ነበር። አንቷን ከሥራ ሰዓት በኋላ የሚጫወትበት የወዳጆች ማኅበር ነበረ፤ ይህ ማኅበር አዲስ ጨዋታ እንዲያሳይ ሐሳብ ቢያቀርብ፥ ከኤሚል ዞላ ድርሰት የተወሰደ ጨዋታ መኖሩ ሲሰማ የማኅበሩ መሪ ፈርቶ ስማችን አይነሣ አለ፤ አዳራሹንም በኪራይ እንጂ በነጻ አልሰጥም አለ። ጸሐፊው ኪራዩን ከትንሽ ደመወዙ ከፈለ። ለመድረኩ የሚሆን የቤት ዕቃ ስላልነበረው የእናቱን ጠረጴዛና ወንበሮች በእጅ ጋሪ እየገፋ በፓሪስ መንገድ ላይ አመጣ። በማርች 30 ቀን 1887 መጋረጃው ተገለጠ። ከአራቱ አጫጭር ጨዋታዎች ሦስቱ አልተወደዱም፤ ከዞላ የተወሰደው ግን ተመልካቹን አስደነቀ። ማኅበሩም ነጻ ቴአትር ተባለ። በዚያው ዓመት አንቷን የጋዝ ኩባንያውን ሥራ ለቀቀ፤ እንጀራን ለዚህ መተው ለሚያውቀው ሰው ቀላል ነገር አይደለም።

ማኅበሩ ትኬት ለሕዝብ አይሸጥም ነበር፤ መዋጮ የከፈሉ አባሎች ብቻ ይገቡበት ስለ ነበር ጨዋታው እንደ ግል ስብሰባ ተቆጥሮ ከመንግሥት ምርመራ ነጻ ሆነ። በዚህም ዘዴ በ1888 የቶልስቶይን የጨለማ ኃይል አሳየ። ይህ ድርሰት በገዛ አገሩ በሩሲያ በመድረክ እንዳይታይ ተከልክሎ ነበር፤ የፈረንሳይም ታላላቅ ደራስያን ለእኛ መድረክ አይስማማም ብለው አስቀድመው ፈርደውበት ነበር። ነገሩ ግን ሕፃን እስከ መግደል የደረሰ አንድ ባላገር፥ እግዚአብሔርን የሚፈራ አባቱ እያጸናው፥ በሕዝብ ፊት ኃጢአቱን የሚናዘዝበት ታሪክ ነው። በፓሪስ የነበሩ ስደተኞች ሩስያውያን የአገራቸውን ልብስ አዋሱት፤ ጨዋታውም ታላቅ ምስጋና አገኘ።

አንቷን ተጫዋቹ በገዛ ቤቱ እንዳለ ሰው እንዲናገርና እንዲቀመጥ፥ ነገሩም ሲያስገድድ ጀርባውን ለተመልካች እንዲሰጥ አስተማረ። አንዳንድ ጊዜ ከልክ አለፈ፤ በ1888 ስለ ሥጋ ሻጮች በተደረሰ ጨዋታ እውነተኛ የከብት ሥጋ በመድረክ ላይ ሰቀለ፤ ከተማውም ከድርሰቱ ይልቅ ስለ ሥጋው አወራ። በ1890 የኢብሰንን፥ በ1893 የስትሪንድበርግንና የሐውፕትማንን ሥራዎች ለፈረንሳውያን አሳየ። በበርሊን በ1889፥ በሎንዶንም በ1891 የእርሱን አብነት የተከተሉ ማኅበራት ተቋቋሙ።

የአባሎች መዋጮ ግን ለወጪው አልበቃም። በየጊዜው አዲስ ጨዋታ ማዘጋጀት ገንዘብ ይበላል፤ እርሱ ያሠለጠናቸውንም ተጫዋቾች ሀብታሞቹ ቴአትር ቤቶች በተሻለ ደመወዝ ወሰዱበት። በ1894 ብዙ ዕዳ ተሸክሞ ማኅበሩን ለቀቀ። በ1897 በስሙ የተጠራ ቴአትር ቤት ከፈተ፤ ከ1906 እስከ 1914 ኦዴዎን የተባለውን የመንግሥት ቴአትር ቤት አስተዳደረ፤ ከዚያም የወጣው እንደ ገና ባለዕዳ ሆኖ ነው። በኋላ ሲኒማ ሠራ፥ በጋዜጣም ስለ ቴአትር ጻፈ። በ1943 በሰማንያ አምስት ዓመቱ በባሕር ዳር ባለችው በለ ፑሊጌን አረፈ። ቴአትር ቤቱ ዛሬም በፓሪስ ስሙን እንደ ያዘ ይገኛል።