የከሰል ቈፋሪዎች ባለውለታ፤ ዶክተር ጆን ስኮት ሃልዴን

ሰው ከሚያየው ጠላት ይሸሻል፤ ከማያየው ጠላት ግን የሚያድነው ዕውቀት ነው። ዶክተር ጆን ስኮት ሃልዴን የድንጋይ ከሰል ቈፋሪዎችን ከእንዲህ ያለ የማይታይ ጠላት ለማዳን ብዙ የደከሙ ሐኪም ነበሩ።

ሃልዴን የተወለዱት በፈረንጆች አቈጣጠር (ከዚህ በታች ያለውም ዘመን እንዲሁ ነው) በ1860 በስኮትላንድ አገር በኤዲንበርግ ከተማ ነው። እዚያው ሕክምና ተምረው በ1884 ተመረቁ፤ በኋላም በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ስለ ሰው አተነፋፈስ ይመራመሩ ጀመር።

በ1896 በጥር ወር፣ የዐድዋ ጦርነት ሊደረግ አንድ ወር ያህል ሲቀረው፣ በዌልስ አገር ታይለርስታውን በተባለ የከሰል ማዕድን ፍንዳታ ደርሶ 57 ሰዎች ሞቱ። በእንዲህ ያለ አደጋ የሞተ ሁሉ በፍንዳታው ኀይልና በእሳቱ የተገደለ ይመስል ነበር። ሃልዴን ግን ሬሳዎቹን ቢመረምሩ የብዙዎቹ ደም ደማቅ ቀይ ኾኖ አገኙት። ገዳዩ ከፍንዳታው በኋላ ጕድጓዱን የሚሞላው፣ ቀለምም ሽታም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ መርዛም አየር ነበር። ይህ አየር በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ስለሚይዝ ሰው እየተነፈሰ ይታፈናል። ሃልዴን ቀደም ብለው ይህንኑ መርዝ ራሳቸው እየሳቡ የሚሰማቸውን ይመዘግቡ ስለ ነበር ጠባዩን ያውቁታል።

መድኀኒቱንም አሰቡ። ትንሽ እንስሳ ከሰው ይልቅ ቶሎ ቶሎ ስለሚተነፍስ መርዙ ፈጥኖ ይይዘዋል። ስለዚህ ቈፋሪዎች አይጥ ወይም ካናሪ የምትባለውን ትንሽ ወፍ ይዘው እንዲገቡ መከሩ። ወፏ ስትንገዳገድ ሰዎቹ ለመውጣት ጊዜ ያገኛሉ። በብሪታንያ ማዕድኖች ይህ ልማድ እስከ 1986 ቈይቷል።

ይሁን እንጂ በሁሉ አልቀናቸውም። የከሰል ትቢያ ብቻውን ሳንባን ብዙ አይጐዳም ብለው ያምኑ ነበር። እርሳቸው ከሞቱ በኋላ በ1940ዎቹ በደቡብ ዌልስ የተደረገው ምርመራ ግን ትቢያው ከባድ የሳንባ በሽታ እንደሚያመጣ አስረዳ። እንግዲህ የታላቅ ሰው ቃልም ቢኾን መመርመር አለበት፤ ይህንንም ያስተማሩን እርሳቸው ራሳቸው ናቸው። በ1936 ያረፉት እንኳ በፋርስና በኢራቅ የነዳጅ ሠራተኞችን ስለሚጐዳው ሙቀት መርምረው በተመለሱ ጊዜ ነው።

ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። በጎረቤታችን በኮንታ የድንጋይ ከሰል ይቈፈራል። ከዚያም በላይ በደካም ኾነ በቦንጋ ብርዱ ሲበረታ በርና መስኮት ዘግቶ የከሰል ምድጃ አጠገብ የሚተኛ ሰው የሚገጥመው ያው የታይለርስታውን መርዝ ነው። ፍሙ ጢስ ባይኖረውም መርዙ አለ። ስለዚህ የተማረ ልጅ ማታ ሳይተኛ ምድጃውን ከቤት ያውጣ፤ ምክንያቱንም ለወላጆቹ ያስረዳ።